ድምፅሽ ጉራማይሌ ቢሆንስ?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ።

29 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። በ19 ዓመቴ ዱባይ ሄጄ አራት ዓመት ካፌ ውስጥ ሠራሁ። ዴይራ ውስጥ በአንድ ክፍል ስድስት ሴቶች ነበር የምንኖረው። ጊታር ያስተማረችኝ ከላይ ካለው አልጋ ትተኛ የነበረች ፊሊፒናዊት ናት። ከዚያ ለትምህርት በርሊን ሄጄ አምስት ዓመት ቆየሁ። እሁድ እሁድ ማወርፓርክ እየወጣሁ እዘፍን ነበር። ባገኘሁት ርካሽ አውቶቡስም ብዙ አገር ዞርኩ። ሊዝበን ላይ አንዲት ጠባብ ቤት ገብቼ ፋዶ የሚሉትን ዘፈናቸውን ሰማሁ። መብራቱን ቀነስ አደረጉት፣ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፣ ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና ዘፈነች። ቃሉ ሳይገባኝ አለቀስኩ።

ከስምንት ወር በፊት ጠቅልዬ ገባሁ። አሁን ወደ ውጭ ለሚሄዱ ልጆች ጀርመንኛ አስተምራለሁ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሴ የሠራኋቸው 11 ዘፈኖች አሉኝ። አንድ ፕሮዲውሰር ሰምቷቸው «ቅኝትሽ ንጹሕ አይደለም፣ ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል፣ አጽጂው» አለኝ። ቀጥሎም 11ዱንም በ300 ሺህ ብር ሊገዛኝ ጠየቀ። መብቱ ሙሉ በሙሉ ለዘለዓለም የእሱ ይሆናል። ውሉ ቤት ተቀምጧል፣ አልፈረምኩም።

እናቴ «ሰው ውጭ ሄዶ ቤት ይሠራል፣ አንቺ ጊታር ተሸክመሽ መጣሽ» ትለኛለች። ዱባይ እንዴት እንደኖርኩ ግን አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ሦስቱን ዘፈኖች በስልኬ ቀድቼ ልኬልዎታለሁ። ድምፄን ላጽዳው? ልፈርም? ወይስ ጊታሩን ሰቅዬ እንደ ሰው ልኑር?

የሻንጣዋ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ የሻንጣዋ ልጅ፣

ዘፈኖችሽን ሦስት ቀን አዳመጥኳቸው። መጀመሪያ የከፈትኳቸው ማታ ለወጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። «ሀገሬ» የሚለው አለፈ፣ እጄ መክተፉን ቀጠለ። ሁለተኛው ላይ «ስድስት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ በየተራ ነው ሰማይ የሚታይበት» ስትዪ ቢላዋውን አስቀመጥኩ። እጄን ጠርጌ ከመጀመሪያው መለስኩት። ያን ማታ አራት ጊዜ ሰማሁት።

እንግዲህ ለጥያቄሽ መልስ የምሰጠው ከዚህ ተነስቼ ነው። ስለ ውሉም ስለ እናትሽም እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ግን ስለ ዘፈኑ እናውራ።

«ሀገሬ» ውስጥ «ናፍቆትሽ ገደለኝ» ትያለሽ። እውነትሽን እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን ይህን አንቺ ባትዪውም ሌላ ሰው ይለዋል፣ ብዙ ሰውም ብሎታል። በርሊን የነበረ፣ ዋሽንግተን የነበረ፣ ሐዋሳ ተቀምጦ አዲስ አበባ የናፈቀው ሰው ሁሉ ሊዘፍነው ይችላል። «ስድስት አልጋ»ን ግን ካንቺ በቀር የሚጽፈው የለም። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ብርድ ልብሷን ተከናንባ በሹክሹክታ ከልጇ ጋር በስልክ የምታወራዋ ሴት አለች። ልጁ «መቼ ነው የምትመጪው?» ሲላት «ነገ» ትለዋለች። ሌሊቱን በሙሉ «ነገ»። አንቺ ከታች አልጋ ሆነሽ ትሰሚያለሽ። ይህን ማንም አያስተምርም። የሄድሽበት መንገድ የሰጠሽ ሀብት ይኸው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምልሽ፣ ዱባይና በርሊን ድምፅሽን አላበላሹትም። ዘፈንሽ የሚደክመው ሰዎቹን ትተሽ ስለ ናፍቆት በጥቅሉ ስትዘፍኚ ነው። «ሀገሬ»ን ከ11ዱ አውጪው። ሦስተኛው፣ የበርሊኑ ክረምት፣ ገና ነው። ብርዱ አለ፣ በረዶው አለ፣ ሰው የለበትም። ማወርፓርክ ላይ ቆመሽ ስትዘፍኚ ፊት ለፊትሽ ማን ቆሞ ነበር? እሱን ፈልጊው።

አሁን ወደ ቅኝቱ ልምጣ። ፕሮዲውሰሩ ምንም ሳይሰማ አልተናገረም። የሆነ ነገር ሰምቷል፣ ስሙን ግን «ቆሻሻ» አለው። ምን እንደሰማ ላሳይሽ።

«ሀገሬ»ም «ስድስት አልጋ»ም በትዝታ ነው የተሠሩት። ትዝታ አምስት ድምፅ ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ እና ሲ የሉበትም። አንቺ ደግሞ ጊታርሽ ላይ የምትመቺው ማንኛውም ጀማሪ መጀመሪያ የሚማራቸውን ሦስት ኮርዶች ነው፣ ኮርድ ማለት አብረው የሚመቱ ድምፆች ናቸው። አንደኛው ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው። እሱ ከትዝታ ጋር ይስማማል። ሁለተኛው ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው። ሦስተኛው ሶል፣ ሲ፣ ሬ ነው። አየሽ? ከሦስቱ ሁለቱ ትዝታ ውስጥ የሌለ ድምፅ ይዘው ይመጣሉ። ጎበዝ ጆሮ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ አንድ እንግዳ ሳይጠራ የገባ ይመስለዋል።

እንግዳው መግባቱ ችግር የለውም። ማን እንዳስገባው ነው ወሳኙ። «ስድስት አልጋ» ላይ ያ የሲ ድምፅ የሚመጣው «መስኮት» ስትዪ ነው። ክፍሉ በአምስቱ ድምፅ ተዘግቶ ይቆይና «መስኮት» ላይ ሲደርስ ድንገት ውጭው ይታያል። አስበሽበት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን እዚያ ላይ እንዳትነኪው። «ሀገሬ» ላይ ግን ያው ድምፅ የሚገባው ጣትሽ ስለለመደው ብቻ ነው። ቃሉ አልጠራውም።

ስለዚህ የምልሽ ሥራ ይህ ነው። ዘፈኖችሽን አንድ በአንድ ክፈቺ። ፋ ወይም ሲ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጊበት። ከዚያ «እዚህ ጋ የምፈልገው ነው ወይስ እጄ ነው የሄደው?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። የምትፈልጊው ከሆነ ተዪው። እጅሽ ከሆነ፣ በሦስተኛው ኮርድ ላይ ሲን አውጥተሽ ሶልና ሬን ብቻ ምቺ። በሁለተኛው ቦታ ደግሞ ላ፣ ዶ፣ ሚን ሞክሪ፣ ሦስቱም የትዝታ ናቸው። እንዲሁም አንድ ወር ያህል ክራር ከሚመታ ሰው ጋር ተቀመጪ። ክራር በቅኝቱ ድምፆች ስለሚቃኝ እጅ እንደለመደው ወደ ውጭ ላምልጥ ቢል እንኳ ክሩ አይገኝም። ጆሮሽ ያን ቤት በደንብ ከለመደ በኋላ በሩን መቼ እንደምትከፍቺ ራስሽ ታውቂያለሽ። ሌሎቹን ቅኝቶች፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬንም እዚያው ትለማመጃለሽ። እስካሁን የላክሽልኝ ሁሉ ትዝታ ነው፣ የናፈቀ ሰው እዚያ ይከርማል። ትንሽ ወጣ በዪ።

ይህ ያንቺ ራስ ምታት አዲስ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በልጅነታቸው ኢንጂነሪንግ ሊማሩ ዌልስ የተላኩ ሰው ናቸው። ከዚያ ለንደን ሙዚቃ ተማሩ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገቡ፣ ከዚያ ኒውዮርክ። በፈረንጆቹ 1966 ኒውዮርክ ላይ ባወጧቸው ሁለት አልበሞች የላቲን ከበሮና የእኛ ቅኝት ጎን ለጎን ይሰማሉ። ኢትዮ-ጃዝ የተወለደው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው። የእኛን አምስት ድምፅ ሳይውጡ የፈረንጁን ሙዚቃ አሥራ ሁለት ድምፆች ከሥሩ ማንጠፍ የሚቻለው እንዴት ነው? አንቺ ዴይራ አልጋ ላይ ተቀምጠሽ የጀመርሽው ይኸንኑ ነው። እጅጋየሁ ሽባባውንም አስቢ። ከቻግኒ ተነስታ፣ በናይሮቢ አልፋ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የደረሰች ልጅ ናት። በፈረንጆቹ 2001 ያወጣችው አልበም ላይ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ተጫውተዋል። ከጃዝ ታላላቆች መሀል ቆማ ስታዜም ጎጃም ከጉሮሮዋ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። «ንጹሕ» የሚለው ቃል ሲመጣ ሁልጊዜ አዝማሪዎቻችን ትዝ ይሉኛል። አዝማሪ ማሲንቆውን አንግቶ አገር ለአገር የሚዞር ሰው ነው። አዝማሪ ቤት ገብተሽ ታውቂ እንደሆነ፣ ከተቀመጠው ሰው አንዱ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪውም ተቀብሎ እዚያው በዜማው ያወጣዋል። ቃሉ የጎንደሬው ይሁን የወሎዬው፣ የሾፌሩ ይሁን የነጋዴው፣ አይጠይቅም። የእኛ ዘፈን ከድሮም ከመንገደኛ አፍ እየተቀበለ ነው የኖረው። አንቺ ከፊሊፒናዊቷ ጓደኛሽ ተቀበልሽ። እኔ ይህን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም። ቋንቋ ሲደባለቅ «ጉራማይሌ» እንላለን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለወቀሳ። «ስድስት አልጋ» ውስጥ «ያላ» የምትለዋ አለቃ ግን በአማርኛ «ቶሎ በይ» ብትል ውሸት ይሆን ነበር። ሴትዮዋ ያለችው «ያላ» ነዋ።

ሊዝበን ላይ ስላለቀስሽውም ልንገርሽ። ትዝታ የስሜቱም የቅኝቱም ስም ነው። እኛ ሁለቱን ለይተን አናውቅም። ፖርቱጋሎችም ናፍቆትን ለብቻው ስም ሰጥተው በፋዶ ያዜሙታል፣ ስለዚህ ልብሽ ቃሉ ሳይገባት ያወቀችው ነገር አለ። ከዚያ ቤት የፋዶን ዜማ ይዘሽ መምጣት አያስፈልግሽም። ጸጥታውን ግን አምጪው። እዚህ ብዙ ቦታ ዘፋኝ የሚዘፍነው ሰው እየበላ፣ ብርጭቆ እየተጋጨ፣ አስተናጋጅ እየተጣራ ነው። ያንቺ ዘፈን እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ይሞታል። በሹክሹክታ የምትናገር እናት ያለችበት ዘፈን ነው። የምልሽን ስሚ፣ 30 ሰው የሚይዝ ሳሎን ወይም የባህል ማዕከል ክፍል ፈልጊ። ማይክ አያስፈልግሽም። መብራቱን ቀነስ አድርጊ። እንግዶችሽ እነማን እንደሚሆኑ ደግሞ ወደ በኋላ እነግርሻለሁ።

አሁን ውሉ።

እንዳትፈርሚ። ይህን ስጽፍ እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ምክንያቱም እኔ ፈርሜአለሁ። ወጣት ሳለሁ የዘፈን ግጥም እጽፍ ነበር። አንድ ሰው ሰባት ግጥሞቼን በአንድ ጊዜ ገዛኝ። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነበር፣ የተሰጠኝን ወረቀት ሳላነብ ፈረምኩ። ከሰባቱ አንዱ ታዋቂ ሆነ። ዛሬም ሠርግ ቤት እሰማዋለሁ። ሰው ይነሳና ይጨፍርበታል፣ እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ እላለሁ። ገንዘቡን ከረሳሁት ቆይቻለሁ። የማይረሳኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ስንኝ ላይ የተሳሳተ ቃል ገብቶበት ይዘፈናል፣ ሄጄ «አስተካክሉት» ለማለት ወኔ አጣሁ።

የአንቺን ሒሳብ በወረቀት ሠርቼዋለሁ፣ አብረን እንየው። 300 ሺህ ብር ለ11 ዘፈን ሲካፈል ለአንዱ 27 ሺህ 272 ብር ገደማ ይደርሳል። በሀገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት የሚቆየው በሕይወት ዘመኗና ካለፈችም በኋላ 50 ዓመት ነው። አሁን 29 ዓመትሽ ነው። እድሜ ይስጥሽና 80 ብትደርሺ 51 ዓመት፣ ከዚያ 50 ይደመርበት፣ 101 ዓመት ይመጣል። 27 ሺህ 272ን ለ101 አካፍዪው። ለአንድ ዘፈን በዓመት 270 ብር። የ«ስድስት አልጋ» የዓመት ዋጋ። እዚህ ጋ ቆም ብለሽ አስቢበት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምርልሽ። አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ንብረቶች አሉ። አንዱ ግጥሙና ዜማው ነው፣ እሱ የደራሲዋ የአንቺ ነው። ሌላው የተቀረጸው ድምፅ ነው፣ ባለሙያዎቹ ማስተር የሚሉት። ማስተሩ ላይ ለቀረጻው ወጪ ያወጣ ሰው ድርሻ ቢጠይቅ ያስኬዳል። ሰውየው ግን እስካሁን ምንም አልቀረጸልሽም። የሚጠይቅሽ ሁለቱንም ነው፣ ያውም ለዘለዓለም። መብትሽ የሚጀምረው ደግሞ ሥራው ተሠርቶ በሆነ ነገር ላይ ሲሰፍር ነው። ስልክሽ ላይ የቀዳሽው በቂ ነው፣ ለመብቱ መኖር ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ሆኖም አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ሄደሽ ብታስመዘግቢ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ይሆንሻል። የመጀመሪያ ረቂቆችሽን፣ የተሰረዘ የተደለዘውን ሁሉ፣ ቀን ጽፈሽበት አስቀምጪ።

ሰውየውን አታስቀይሚው። ምናልባት ቀና ሰው ይሆናል፣ ሥራውን ስለሚያውቅም ይጠቅምሽ ይሆናል። ተመልሰሽ ሂጂና እንዲህ በይው፦ «መሸጥ አልፈልግም፣ መፍቀድ እፈልጋለሁ። ሦስት ዘፈን ልስጥዎት፣ ለአምስት ዓመት። ግጥምና ዜማው የእኔ ሆኖ ይቆያል። በዓመት ውስጥ ካላወጡት ይመለስልኛል። በየስድስት ወሩ ሒሳብ ያሳዩኛል።» ይህን ሁሉ በጽሑፍ አድርጊው። ከመፈረምሽ በፊት ጠበቃ ያንብበው። ለጠበቃ የምትከፍይው ገንዘብ ያናድድሻል፣ ክፈይ። «እንዲህ አይሠራም» ካለሽ እጁን ጨብጠሽ፣ አመስግነሽ ውጪ።

በራስሽ ብታወጪስ? ይቻላል። ዲስትሮኪድ፣ ሲዲ ቤቢ፣ ቲዩንኮር የሚባሉ አከፋፋዮች በዓመት ወይም በየሥራው ክፍያ ተቀብለው ዘፈንሽን ስፖቲፋይ፣ አፕል ሙዚክና ዩቲዩብ ሙዚክ ላይ ያወጡልሻል፣ ባለቤትነቱን አይወስዱም። ባንድካምፕ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ አድማጭ በቀጥታ ካንቺ ይገዛል፣ ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጩ 15 በመቶ ይቆርጣል። ከመመዝገብሽ በፊት ገንዘቡ በየትኛው መንገድ እጅሽ እንደሚገባ አጣሪ፣ የበርሊን የባንክ ሒሳብሽን ካልዘጋሽው እንዳትዘጊው። ግን አልዋሽሽም፣ በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ የዳቦ አይወጣም። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፍልም። ስለዚህ ጀርመንኛውን አስተምሪ።

ማስተማሩን እንደ ሽንፈት እንዳታዪው ስለ ኃይሉ መርጊያ ልንገርሽ። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። በፈረንጆቹ 1981 አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 ብቻቸውን ስቱዲዮ ገቡ። አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ይዘው የድሮ ዜማዎችን ቀረጹ። አኮርዲዮን እንግዲህ የማን አገር መሣሪያ ነው? ካሴቱ ወጣ፣ ጊዜው አለፈ፣ እሳቸውም ታክሲ መንዳት ያዙ። ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ትንሿን ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በየቀኑ፣ ለዓመታት። ከዚያ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። በ2013 እንደገና ታተመ። ከ28 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጡ።

እኔን ስለዚህ ሰው የሚገርመኝ መታወቃቸው አይደለም። የካሴት ሰብሳቢው ሲደውልላቸው ጣቶቻቸው ዝግጁ ነበሩ። ማንም ሳይሰማቸው ለዓመታት አየር ማረፊያ ላይ ተለማምደዋል። አንቺም ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ጊታሩን ከግድግዳ አውርጂው። ሰቅለሽ መኖር ብትችዪ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አትጽፊልኝም ነበር።

ስለ ቀረጻው ብዙ አትጨነቂ። ለ«ስድስት አልጋ» ኪቦርድ፣ ከበሮ፣ ሳክስፎን አታብዢበት። አንቺና ጊታርሽ፣ ከተቻለ አንድ ማሲንቆ፣ እሱም መጨረሻው ላይ ብቻ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው የተማሩ፣ በኋላም ኢየሩሳሌም ገዳም የኖሩ ናቸው። ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ነው። ቤታቸው ውስጥ በቴፕ የቀዷቸው፣ በራሳቸው ድምፅ የዘፈኗቸው ዘፈኖች ግን ካረፉ በኋላ በ2024 ወጡ። ስትሰሚያቸው አጠገባቸው የተቀመጥሽ ይመስልሻል። በስልክሽ የላክሽልኝ ቅጂ ላይም በ«ነገ» መሀል ከሩቅ ውሻ ይጮኻል። ስቱዲዮ ስትገቢ ያ ውሻ አይኖርም፣ ያ ቅርበት ግን እንዳይጠፋ። ድምፅ የሚቀርጽልሽን ልጅ «ማይኩን አቅርብልኝ፣ ማስተጋቢያ አታብዛ» በይው።

እንግዶችሽን እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። ጀርመንኛ የምታስተምሪያቸው ልጆች ናቸው። ሁሉም ሻንጣ ሊይዙ የተዘጋጁ ናቸው። አንዱ በሚቀጥለው ወር፣ ሌላዋ ቪዛዋ ሲመጣ። የ30 ሰው ሳሎንሽ ውስጥ እነሱን አስቀምጪ። «ስድስት አልጋ» ሲዘፈን ገና ያላዩትን ክፍል ያያሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ዱባይ፣ ቤይሩት፣ ሪያድና ጅዳ ያሉትን እህቶችሽን አስቢ። ዘፈኑ ሲወጣ መጀመሪያ ለእነሱ ላኪ። አብረሽ የኖርሻቸውን አምስቱን ሴቶች ታገኚያቸው ይሆን? ፊሊፒናዊቷን ጓደኛሽንስ? አማርኛውን ባትሰማም ጊታሩን ታውቀዋለች። እሷ ያስተማረችሽ ሦስት ኮርድ ነው።

የቀረችን እናትሽ ናት። «ቤት ሳትሠሪ ጊታር ይዘሽ መጣሽ» ስትልሽ ስድብ አድርገሽ አትውሰጂው። ጎረቤት እንደሚጠይቃት አስቢ። «ልጅሽ ምን ይዛ መጣች?» ይሏታል። የምትመልሰው የላትም። ስለ ዱባይ አለመጠየቋን ደግሞ እኔ በሌላ ዓይን ነው የማየው። ዘጠኝ ዓመት ስልኩን አንስተሽ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ሁሉ ሰላም ነው» ብለሻት ይሆናል። እኔም ብዬዋለሁ፣ ውጭ የኖረ ሁሉ ብሎታል። እናት ያን ጊዜ የሰማችውን ሹክሹክታ ታውቀዋለች። የማትጠይቀው መልሱን ስለምትፈራ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ ከ30ዎቹ እንግዶች በፊት አንድ እንግዳ ይኑርሽ። እሁድ ከሰዓት ቡናው ሲፈላ፣ ሁለተኛው ላይ፣ ጎረቤት ሳይመጣ፣ ጊታሩን አምጪው። ምንም አታስረጂ። «ይህን ዱባይ ሆኜ ነው የጻፍኩት» ብቻ በያት። ከዚያ «ስድስት አልጋ»ን ዝፈኚላት፣ «ነገ» የሚለው ጋ ስትደርሺ ቀስ በዪ። የምትለውን ጻፊልኝ። ምንም ባትልም ጻፊልኝ።

የዓምዱ አዘጋጅ